«ሲስተር፣ ያቺው ቦታ ላይ ውጊኝ»፦ የዲያሊስስ መርፌ የት ይግባ?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ እናቴ በክንዷ ፊስቱላ ዲያሊስስ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። መርፌው ስለሚያማት ሁሌ የለመደችው ቦታ ላይ ነው የሚወጓት። አሁን እዚያ ቦታ ላይ አበጥ ብሏል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ግን ‹አይዟችሁ፣ እዚህ በተንሆል የሚባል ዘዴ አለ፣ አንድ ቦታ መወጋት እንዲያውም ጥሩ ነው› አለን። እውነቱ የቱ ነው?»

ወንድምየው የሰማው ነገር ውሸት አይደለም። በተንሆል የሚባል ዘዴ በእርግጥ አለ። እናትየው ላይ እየተደረገ ያለው ግን በተንሆል አይደለም። ሁለቱ ነገሮች ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ፤ ውጤታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ይህን ልዩነት ባለማወቅ ክንዳቸውን የሚያጡ ሰዎች ስላሉ ዛሬ ሰፋ አድርገን እናየዋለን። ቤታችሁ ዲያሊስስ የሚያደርግ ሰው ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

👉 መጀመሪያ፣ ፊስቱላ ስንል የትኛውን ነው?

በአገራችን ፊስቱላ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው በተራዘመ ምጥ ምክንያት እናቶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ይሄ ሌላ ነው። የዲያሊስስ ፊስቱላ ሐኪም ሆን ብሎ በቀዶ ሕክምና ክንድ ላይ የሚሠራው መስመር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዲያሊስስ ማሽን ደም ለማጠብ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ደም ይፈልጋል። ክንዳችን ላይ ከቆዳ ስር የሚታዩት ደም መልሶች ይህን ያህል ደም መስጠት አይችሉም። ደም ቅዳ ወይም አርተሪ የምንለው ደግሞ ብዙ ደም አለው፤ ግን ጠለቅ ብሎ ነው ያለው፣ በየጊዜው ቢወጋ ያማል፣ አደጋም አለው። ስለዚህ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ የእጅ አንጓ ወይም የክርን አካባቢ ላይ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን ያገናኛቸዋል። ደም መልሱ ጠንካራ ግፊት ሲመጣበት ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ ግድግዳውም ይወፍራል። ይህ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በኋላ መርፌ ለመቀበል ዝግጁ ይሆናል።

ይህን ዘዴ ብሬሻ፣ ቺሚኖ እና አፔል የተባሉ የኒውዮርክ ሐኪሞች በ1966 እ.ኤ.አ. ለዓለም ካስተዋወቁት ጀምሮ እስከ ዛሬ የተሻለ አማራጭ አልተገኘለትም። ከእሱ በፊት የነበረው በ1960 በሲያትል ስክሪብነር ያስጀመረው ከክንድ ውጭ ተንጠልጥሎ የሚኖር የፕላስቲክ ቱቦ ነበር። አንገት ላይ የሚገባው ካቴተርም ዛሬ ለብዙ ታካሚ ሕይወት አድን ነው፤ ግን ለኢንፌክሽን በጣም የተጋለጠ ነው።

እጃችሁን ፊስቱላው ላይ ስታደርጉ ቫይብሬሽን ላይ እንዳለ ስልክ የሚነዝር ስሜት አለው። ያ ንዝረት የሕይወት ምልክት ነው። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ዳስሱት። ከጠፋ ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ሂዱ።

ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ክንድ ሁለት ብቻ ነው። ፊስቱላ ሊሠራባቸው የሚችሉት ቦታዎችም የተቆጠሩ ናቸው። አንዱ ሲበላሽ ሌላ መሥራት ይቻላል፣ ግን በየጊዜው ምርጫው እየጠበበ ይሄዳል። አገራችን ላይ ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራ ባለሙያ ማግኘቱም፣ ወጪውም፣ ወረፋውም ቀላል አይደለም።

👉 አሁን መርፌውን እንቁጠር

በአንድ ዲያሊስስ ሁለት መርፌ ይገባል። አንዱ ደም ወደ ማሽኑ ያወጣል፣ ሌላው የታጠበውን ይመልሳል። በሳምንት 3 ጊዜ የሚታጠብ ሰው በዓመት 312 ጊዜ ይወጋል ማለት ነው። በገንዘብ ምክንያት በሳምንት 2 ጊዜ ብቻ የሚታጠቡ ብዙ ወገኖቻችንም ቢሆኑ በዓመት 208 ጊዜ ይወጋሉ። መርፌዎቹ ደግሞ ክትባት እንደምንወጋባቸው ቀጫጭኖች አይደሉም፤ ወፋፍራም ናቸው።

ስለዚህ «መርፌው የት ይግባ?» የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። የፊስቱላው ዕድሜ የሚወሰነው በከፊል በዚህ መልስ ነው። ሦስት ዓይነት አወጋግ አለ።

1ኛ. እዚያው አካባቢ መውጋት

ይህ ማንም አስቦበት የማይመርጠው፣ ግን በልማድ የሚመጣ ነው። ነርሷ በቀላሉ የምታገኘው፣ ታካሚው ደግሞ የለመደው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ አለ። በየጊዜው እዚያው አካባቢ ይወጋል። ዛሬ እዚህ፣ ከነገ ወዲያ ትንሽ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ትንሽ ወደ ላይ።

ታካሚው ለምን ይወደዋል? ደጋግሞ የተወጋ ቦታ ጠባሳ ስለሚሆን ሕመሙ ይቀንሳል። «ሲስተር፣ ያቺው ቦታ ላይ ውጊኝ» የሚባለው ለዚህ ነው። ነርሷም ሰው ናት፣ ታካሚዋ ሲያማቸው ማየት አትፈልግም። ሁለቱም በቅንነት ነው የሚያደርጉት።

ችግሩ ምንድነው? እያንዳንዱ መርፌ የደም ስሩን ግድግዳ ይቀዳዋል፣ ቀዳዳው በጠባሳ ይደፈናል። ጠባሳ ደግሞ እንደ ጤነኛ ግድግዳ አይለጠጥም፣ አይመለስም። ያችው ትንሽ ቦታ መቶ ጊዜ ስትበሳ ግድግዳው እየሳሳ፣ ደሙ እየገፋው ወደ ውጭ ያብጣል። አኑሪዝም የምንለው ይህ ነው። ከእብጠቱ አጠገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የደም ስሩ ይጠብባል። በ1984 ክሮኑንግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የአወጋግ ዓይነቱ የፊስቱላውን ቅርጽ እንዴት እንደሚለውጠው በዝርዝር ጽፏል።

አንድ ያየሁትን ታካሚ ልንገራችሁ፣ ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። አባት ናቸው፣ ለሦስት ዓመት ያህል ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ሲወጉ ኖረዋል። ክንዳቸው ላይ ሁለት የሎሚ ፍሬ የሚያህሉ እብጠቶች ወጥተዋል። አንደኛው ላይ ያለው ቆዳ ከመሳሳቱ የተነሳ ያብለጨልጫል፣ ጫፉ ላይም የማይድን ቅርፊት አለ። አንድ ሌሊት ያ ቅርፊት ተነሳና ደሙ ተረጨ። ያተረፋቸው ልጃቸው ናት፤ ሆስፒታል እስኪደርሱ ድረስ ጣቷን ከቀዳዳው ላይ አላነሳችም። ፊስቱላቸው በቀዶ ሕክምና ተስተካክሎ ዛሬ በደህና ይታጠባሉ። እንዲህ ያለ ሌሊት ግን ሁሌ በዚህ አያበቃም።

2ኛ. የመሰላል አወጋግ

ይህ ፊስቱላው ርዝመት ካለው ለአብዛኛው ታካሚ የሚመከረው ነው። በፊስቱላው ርዝመት ልክ መርፌው እንደ መሰላል ደረጃ ይወጣል። ዛሬ እዚህ ከተወጋ በሚቀጥለው ጊዜ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከፍ ብሎ። ላይ ሲደርስ እንደገና ከታች ይጀመራል። እስከዚያ ድረስ የታችኛው ቀዳዳ ድኖ ይጠብቃል። ለሁለቱም መርፌዎች የየራሳቸው መሰላል አላቸው።

ጉዳቱ፣ በየጊዜው አዲስ ቦታ ስለሚወጋ ያማል። ፊስቱላቸው አጭር ወይም ጠምዛዛ የሆነባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ መሰላሉ የሚቆምበት ቦታ አይበቃም። ሦስተኛው ዘዴ የተወለደውም ከዚህ ችግር ነው።

3ኛ. በተንሆል፣ የቁልፍ ቀዳዳ

በ1970ዎቹ ፖላንድ ውስጥ ትቫርዶቭስኪ የተባለ የኩላሊት ሐኪም መወጊያ ቦታው በጣም የተወሰነ የሆነበት ታካሚ ነበረው። ሌላ ቦታ ስላልነበረ መርፌው ትክክል እዚያው ቀዳዳ ላይ ደጋግሞ ይገባ ነበር። ይበላሻል ተብሎ ሲጠበቅ መርፌው እየቀለለ፣ ሕመሙም እየቀነሰ መጣ። ትቫርዶቭስኪ ነገሩን ተከታትሎ ዘዴ አደረገው። በተንሆል የሚለው ስም በኋላ የወጣለት ነው። ሸሚዝ ላይ ያለውን የቁልፍ ማስገቢያ አስቡ፤ ቁልፉ ሁሌ በዚያችው ቀዳዳ ነው የሚገባው።

እንዴት ይሠራል? የጆሮ ጉትቻን አስቡ። ጆሮ አዲስ ሲበሳ ያማል፣ ይደማል። ጉትቻው ሲቆይ ግን ቀዳዳው ውስጡ በቆዳ ተሸፍኖ ይድናል፤ ከዚያ በኋላ ጉትቻ ቢወጣ ቢገባ አያምም። በተንሆልም ከቆዳ እስከ ደም ስሩ ድረስ እንዲህ ያለ የዳነ ጠባብ መተላለፊያ መሥራት ነው።

መተላለፊያው እንዲሠራ ደግሞ አራት «እዚያው» ያስፈልጋሉ፦

• እዚያው ነጥብ (አካባቢው ሳይሆን ነጥቧ)
• እዚያው አቅጣጫና የማዘንበል ልክ
• እዚያው ጥልቀት
• እዚያው እጅ፣ ማለትም መተላለፊያው እስኪሠራ የሚወጋው አንድ ሰው ብቻ ነው

በዚህ ሁኔታ ከ6 እስከ 10 ለሚሆን ዲያሊስስ በተለመደው ስለታም መርፌ ይወጋል። ስኳር ያለባቸውና ቁስላቸው ቀስ ብሎ የሚድን ሰዎች 12 ጊዜ ያህል ሊፈጅባቸው ይችላል። መተላለፊያው ሲሠራ ስለታሙ መርፌ ይቀርና ለዚሁ የተሠራ ዶልዱም መርፌ ይተካዋል። ዶልዱሙ አይቆርጥም፤ የተሠራውን መንገድ ተከትሎ ይገባል። ስለታም መርፌ እዚያው ቢቀጥል ግን መተላለፊያውን ጎን ለጎን እየቆራረጠ ያበላሸዋል።

አሁን የጥያቄው መልስ ግልጽ ይመስለኛል። እናትየው ላይ የሚደረገው አንደኛው ዓይነት ነው። ነጥቡ አንድ አይደለም፣ የምትወጋው ነርስ ትለያያለች፣ መርፌውም ስለታም ነው። አበጥ ያለው ለዚህ ነው። ሳይውል ሳያድር የኩላሊት ሐኪሟና ፊስቱላውን የሠራው ሐኪም ሊያዩት ይገባል። እስከዚያው ያበጠው ቦታ ላይ መወጋት የለባትም።

👉 ታዲያ በተንሆል ለምን ለሁሉም አይደረግም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ሰሞን ብዙ አገሮች ውስጥ በጣም ተወዶ ነበር። በተለይ በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በአውሮፓ ቤታቸው ሆነው ራሳቸውን በራሳቸው የሚያጥቡ ታካሚዎች ወደዱት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ራስን መውጋት ከባድ ነው፣ ዶልዱም መርፌ በለመደ ቀዳዳ ማስገባት ግን ይቀላል። «እዚያው እጅ» የሚለውም በራሱ ይሟላል፣ እጁ የራስ እጅ ነውና።

ከዚያ ጥናቶች መጡ። ካናዳ ካልጋሪ ውስጥ 140 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ በተንሆልን ከመሰላል ጋር ያወዳደረ ጥናት በ2012 ታተመ። በተንሆል ደም ከቆዳ ስር መቋጠርን ቢቀንስም፣ በሕመም በኩል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ኢንፌክሽን ግን በዛ። ሌሎች ጥናቶችም የኢንፌክሽኑን ነገር ደጋግመው አሳዩ። በመሆኑም በ2019 የታደሰው የአሜሪካ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ በተንሆል ለተለዩ ሁኔታዎች ብቻ እንዲሆን፣ ለአብዛኛው ታካሚ ግን መሰላሉ እንዲመረጥ መክሯል።

ኢንፌክሽኑ ከየት ይመጣል? ከቅርፊቱ ነው። ከዲያሊስስ በኋላ ቀዳዳዋ ላይ ትንሽ ቅርፊት ትሠራለች። ያች ቅርፊት ከቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚሸሸጉባት ናት፤ በተለይ ስታፍሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው። ቅርፊቷ በደንብ ሳትነሳ መርፌ ከገባ ባክቴሪያው ተገፍቶ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ከደም አልፎ የልብ ቫልቭ ላይ ወይም አከርካሪ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ የሚገድል ነገር ነው።

ስለዚህ በተንሆል ያለው ሰው እያንዳንዱን ዲያሊስስ እንዲህ መጀመር አለበት፦

• ክንድን በሳሙናና በውኃ መታጠብ
• ቦታውን በጸረ ተዋስያን መጥረግና እስኪደርቅ መጠበቅ
• ቅርፊቷን በረጠበ ንጹሕ ጎዝ አለስልሶ፣ ለዚህ በተዘጋጀ ንጹሕ መሣሪያ ሙሉ በሙሉ ማንሳት። በጥፍር በፍጹም! በሚወጋበት መርፌም አይደለም
• እንደገና መጥረግ፣ እንደገና እስኪደርቅ መጠበቅ
• ከዚያ ዶልዱሙን መርፌ ማስገባት፤ እምቢ ካለ አለመታገል

ከነዚህ አንዱን መዝለል ማለት ዘዴውን ራሱን ወደ አደጋ መቀየር ማለት ነው። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያላቸው ወይም ከዚህ በፊት የደም ኢንፌክሽን ያጋጠማቸው ሰዎች በተንሆልን ባይሞክሩት ይሻላል። በራሳቸው ደም ስር ፈንታ ሰው ሠራሽ ቱቦ ለተተከለላቸው ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ ቱቦው እንደ ደም ስር ራሱን አይጠግንም።

👉 ወደ እኛ አገር ስናመጣው

በእኔ እይታ፣ አሁን ባለንበት ሁኔታ ለአብዛኛው ታካሚያችን በተንሆልን አልመክርም። ምክንያቴን ልዘርዝር። አንደኛ፣ ፈረቃ አለ፤ ለሳምንታት አንዲት ነርስ ብቻ እንድትወጋ ማድረግ ለአንድ ማዕከል ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ ታካሚው ገንዘብ ሲያጥረው ወይም ወረፋ ሲያጣ ማዕከል ይቀይራል፣ እጁም አብሮ ይቀየራል። ሦስተኛ፣ በሳምንት 2 ጊዜ በሚታጠብ ሰው ላይ መተላለፊያው ቶሎ አይሠራም። አራተኛ፣ ዶልዱሙ መርፌ ሳይቋረጥ መገኘት አለበት። አንዱ ሲጎድል በተንሆል የነበረው ነገር ሳይታወቅ አንደኛው ዓይነት ላይ ይወድቃል፣ ከተጨማሪ ኢንፌክሽን ጋር።

ፊስቱላው አጭር ሆኖ መሰላል የማይቆምበት ሰው ግን አለ። ለእሱ ከኩላሊት ሐኪሙና ከማዕከሉ ጋር ተመክሮ፣ በሠለጠነ እጅ ከሆነ ሊታሰብ ይችላል።

ውጭ አገር ሆናችሁ በተንሆል ያላችሁና ለበዓል ወይም ለሠርግ ወደ አገር ቤት የምትመጡም አላችሁ። ለእናንተ ምክሬ፦ ቀድማችሁ ከምትታጠቡበት ማዕከል ጋር ተነጋገሩ፣ ዶልዱም መርፌዎቻችሁንና ቅርፊት ማንሻችሁን ይዛችሁ ኑ። ራሳችሁን መውጋት የምትችሉ ከሆነና ማዕከሉ ከፈቀደ በጣም ጥሩ። ካልሆነ ግን የማያውቀው ሰው በስለታም መርፌ ቀዳዳችሁ ላይ እንዲሞክር አትፍቀዱ። ለእነዚያ ሳምንታት ከቀዳዳው ራቅ ተብሎ በመሰላል መወጋት ይሻላል።

👉 ዛሬውኑ ማድረግ የምትችሉት

• ስልካችሁን ተጠቀሙ። ከእያንዳንዱ ዲያሊስስ በኋላ ክንዱን ፎቶ አንሱና ቀኑን ጻፉበት። በሚቀጥለው ጊዜ ለነርሷ አሳዩአት። በወር ውስጥ መሰላሉ እየተጠበቀ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

• ነርሷን በአክብሮት ጠይቁ። «ሲስተር፣ ባለፈው እዚህ ጋ ነበር፣ ዛሬ ትንሽ ከፍ እናድርገው?» ማለት ነውር የለውም። ጎበዝ ነርስ ደስ ይላታል እንጂ አትቀየምም።

• ሕመሙን ዝም ብላችሁ አትቻሉት። ሊዶካይን ያለበት የሚያደነዝዝ ክሬም አለ፤ 1 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ተቀብቶ፣ ከመወጋቱ በፊት በደንብ ታጥቦ ይነሳል። ለእናንተ ይስማማ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሕመሙ ሲታከም «ያቺው ቦታ» የሚለው ልመናም ይቀራል።

• በዚያ ክንድ የደም ግፊት አይለካ፣ ደም አይቀዳ፣ ከባድ ዕቃ አይንጠልጠል፣ ጠባብ አምባርና ሰዓት አይታሰር፣ ተንተርሰውትም አይተኙ።

• ቅርፊት አትፈቅፍቁ።

👉 ቶሎ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ንዝረቱ ሲጠፋ ወይም ሲዳከም፤ ቦታው ሲቀላ፣ ሲሞቅ ወይም መግል ሲይዝ፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲመጣ፤ እብጠቱ በፍጥነት ሲያድግ፤ ቆዳው ሲሳሳና ሲያብለጨልጭ፤ ቅርፊቱ አልድን ሲል፤ መርፌ ከወጣ በኋላ ደሙ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ሲፈስ።

ቤት ውስጥ ድንገት ከደማ፦ ደሙ የሚወጣባትን ነጥብ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በጎዝ በጣታችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ጨርቅ ባሉት ፎጣ ላይ ፎጣ መደራረብ አይጠቅምም፣ ደሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም። ክንዱን በገመድ አትጠፍሩት። ሰውየውን አስተኙ፣ ክንዱን ከልብ በላይ ከፍ አድርጉ፣ ለማየት ብላችሁ ጣታችሁን አታንሱ፣ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ይህን ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ ሊያውቀው ይገባል። ዛሬ ማታ ሰብስባችሁ አሳዩአቸው።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የእናንተን ክንድ አይቶ የሚወስነው የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው። ዲያሊስስ ማዕከል የምትሠሩ ነርሶች፣ ልፋታችሁን አውቃለሁ፣ የተግባር ልምዳችሁን ብታካፍሉን ብዙ ሰው ይጠቀማል። በቅርባችሁ ዲያሊስስ የሚያደርግ ሰው ካለ ደግሞ ይህን ሼር አድርጉለት።

ለታመሙት ሁሉ ምሕረቱን ይላክልን።